የእንየው መንጋጋ

እኔ ስጠረጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን የማነሣው ልመካበት ሳይሆን ነገሩ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ማኅተሙ የደበዘዘ ወረቀት፣ ፊርማው የሚያጠራጥር ደብዳቤ በእጄ አያልፍም። ይህ ጠባይ ከቢሮ ተከትሎኝ ቤቴ ገብቷል። ባለሱቅ ከሳቀልኝ ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ነው። ጎረቤት ሳትጠራ ከመጣች «ምን ፈልጋ ይሆን?» እላለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ብዙአየሁ ጥላዋንም መታወቂያ ትጠይቃለች» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሰምቻለሁ፤ ማን እንደጀመረውም አውቃለሁ።

ለዚህ ጠባዬ ግማሹ ምክንያት ታናሽ ወንድሜ እንየው ነው። ያኔ ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሲናገር ከሁለት ከሦስት ቃል አያልፍም። «እንደምን አደርክ» ሲሉት ፊቱን ያዞራል፤ ቅዳሴውን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ያውቀዋል። ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይወዛወዛል። ሳህኑ ወይም የሚቀመጥበት ቦታ ከተለወጠ የዚያን ቀን ነገር አበቃለት። ኦቲዝም የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት አድጌ ነው። በልጅነታችን ሰዉ ሁሉ የራሱን ስም ይሰጠው ነበር፤ አንዱ ዛር፣ ሌላው የእናቱ ኃጢአት ይለዋል። አንድ ጊዜ ይሻለዋል ተብሎ ከተወሰደበት ቦታ ደርሼ በሰንሰለት ታስሮ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ጉዳይ ማንንም ማመን ተውኩ።

ሆስፒታልን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ አላምንም። እናታችን ለቀላል ቀዶ ሕክምና ገብታ፣ «ትንሽ ታንቀላፋለች» ብለውን፣ ሳትነቃ ቀረች። ከዚያ በኋላ እንየውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አላገባሁም፤ ማንን አምኜ።

የገብስ አጨዳ ጊዜ ነበር። አንድ ሐሙስ እንየው ቆሎውን ሳይነካው ተወው። አርብ ጠዋት ግራ ጉንጩ አብጦ አደረ። ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ከመንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኩት። ባለሙያው ዳንኤል የሚባል፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው። ሰዉ ሁሉ ዶክተር ይለዋል። እንደገባን ፈገግ አለ፤ እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አነበብኩ።

የሚገርመው እንየው ያን ቀን አላስቸገረም። ዳንኤል መጀመሪያ የራሱን አፍ ከፍቶ ትንሿን መስተዋት አስገብቶ አሳየው። እንየውም አየና ከፈተ።

«የታችኛው መንጋጋ ነው» አለኝ ዳንኤል። «ሥሩ መግል ይዟል። መነቀል አለበት፤ ግን እብጠቱ ይቀንስ። ይህን እንክብል በሰዓቱ ይዋጥ፤ በጨው ውኃ ይጉመጥመጥ። ሰኞ ጠዋት ያምጡት።»

«እሺ ባይልህስ?»

«ካስቸገረ ወደ ባሕር ዳር እልካችኋለሁ። እዚያ አስተኝተው ይነቅሉለታል።»

አስተኝተው አለ። እናቴን ከሸኘሁበት በር ላይ እንደገና የቆምኩ መሰለኝ። ቤት እንደገባን የጨው ውኃ ሰጠሁት፤ አፉን አጉመጥምጦ ተፋ። እኔ ግን ልቤ ሌላ ዘንድ ነበር። ይህ ልጅ እዚያ ገብቶ ባይነቃስ? ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንየውን ይዤ መኪና ተሳፈርኩና ወደተወለድንበት ቀበሌ፣ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ ወዳለው አገራችን ወጣሁ።

የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ በዚያ የሚያገለግሉ አዛውንት ናቸው። ለእናታችንም የንስሐ አባት ነበሩ።

«አባ፣ ሰኞ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ» አልኳቸው። «ምን እንደሚያጋጥመው አይታወቅም። ሳይቆርብ እንዳይገባ።»

«ጥርሱን ለማስነቀል ነው የምትይኝ?»

«እማዬም ለቀላል ነገር ነበር የገባችው።»

«እሺ ልጄ። እንግዲያውስ ከዚህ ጀምሮ እንዳይቀምስ፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይቀበላል።»

እንክብሉንም ለጾሙ ብዬ አስቀረሁት። እውነቱን ለመናገር ጾሙ ምክንያት ሆነልኝ እንጂ እንክብሉንም አላመንኩትም ነበር፤ ካርቶኑን አገላብጬ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቅዳሜ እንየው ቆረበ። ነጠላውን አፉ ላይ ጠቅልሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወጣ። እኔ ወደ ከተማ የሚመለስ መኪና እንዳያመልጠን ወደ መንገዱ ስሮጥ፣ ቄስ ሞላ በቅጥሩ በር አጠገብ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው አንድ ነገር ሲሉት ከሩቅ አየሁ። እንየውን ልወስድ ስመለስ ለእኔም «እሑድ ማታ ወደ ከተማ ወርጄ እባርከዋለሁ፤ ከዚያ ትሄዳላችሁ» አሉኝ።

እሑድ አልመጡም። ስልካቸውም አልሠራ አለ። ድግስ አግኝተው ይሆናል ብዬ በልቤ አማኋቸው።

እንየው ነጠላውን ከአፉ ላይ አላወርድ አለ። ለመብላት ያህል ገለጥ ያደርግና ይመልሰዋል። እብጠቱ አሳፍሮት ነው አልኩ። የጨው ውኃ ስሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ ዋጥ ያደርገዋል። አሞት ግራ ተጋብቶ ነው አልኩ። በየመሐሉ «አባ ይመጣሉ» ይለኛል። «አዎ፣ ይመጣሉ» እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ ነገር ይይዝና መቶ ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ይህንንም ከዚያ ቆጠርኩት።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ስንደርስ የዳንኤል ፈገግታ ጠፋ። የእንየውን አገጭ ሥር በጣቱ ዳሰሰ።

«እንክብሉን በሰዓቱ ወስዷል?»

«ወስዷል» አልኩ። ከእሑድ ጀምሮ ነበር የሰጠሁት፤ ያውም እየዘለልኩ። ሌላውን ሁሉ የምጠረጥር ሴት ስዋሽ አፌ እንኳ አልተንተባተበም።

«እርስዎ ውጭ ይጠብቁ፤ ክፍሏ ጠባብ ናት። ደግሞ እንዲህ ላሉት ዘመድ አጠገባቸው ሲኖር ይብስባቸዋል።»

በሩ ተዘጋ። የተዘጋ በር አልወድም። ተጠግቼ ጆሮዬን ለጠፍኩ። መጀመሪያ ጸጥታ ነበር። ቀጥሎ የዳንኤል ድምፅ መጣ፤ «ጎበዝ… ክፈት… ይህ ውኃ ነው፣ ላጥብልህ።» ትንሽ ቆይቶ «አሁን ትፋ» አለ። ዝም። «እዚህ ላይ ትፋ።» አሁንም ዝም። ድምፁ ከፍ አለ። «ትፋው እንጂ፣ ያንቅሃል።» ወንበሩ ተንሿጠጠ፤ የብረት ሳህን ከነዕቃው መሬት ላይ ተበተነ፤ ወንድሜ ጮኸ።

በሩን በትከሻዬ ከፈትኩት። እንየው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይደማል፤ ነጠላው ደም ነክቶታል። ዳንኤል ግራ እጁን በቀኙ ጨብጦ ቆሟል።

«ምን አደረግከው?»

«ምንም። አፉን አጥቤ ትፋ አልኩት። እምቢ ሲል ጎንበስ ላደርገው ስሞክር ነከሰኝ።»

«ከንፈሩን ማን አደማው?»

«መስተዋቱ ነው፤ ሲታገል መታው።»

«መስተዋት በራሱ ተነሥቶ ሰው አይመታም።»

ፊቱ ነጣ። ይኼው፣ አልኩ በሆዴ፣ ያዝኩት። እሱ ግን ወደ እጁ ሳይሆን ወደ እንየው አንገት ነበር የሚያየው። «እትዬ፣ እኔን በኋላ ይቆጡኝ» አለ። «እብጠቱ ወደ አንገቱ እየወረደ ነው። ከዚህ ካለፈ መተንፈሻውን ይዘጋል። ወረቀት ልጻፍልዎ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ባሕር ዳር ይግባ።»

«እዚያ አስተኝተው ሊጨርሱት?»

ወረቀቱን ጽፎ ሰጠኝ። እንየው በዚህ መሐል ደም የነካውን የነጠላውን ጫፍ አፉ ውስጥ ከትቶ ይመጥ ጀመር። እኔ ልነጥቀው ስስብ እሱም ወደራሱ ይስባል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ፍርሃቱ አእምሮውን አናውጦበታል ብዬ ልቤ ተሰበረ።

በቀጥታ ወደ ቢሮዬ ሄድኩ። እንየውን አጠገቤ አስቀምጬ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ፣ ድብደባ ተፈጽሟል የሚል። መጻፉን አውቅበታለሁ። በሦስት ኮፒ አዘጋጅቼ፣ ፈርሜ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰጥቼ፣ ኮፒዬ ላይ «ደርሶናል» አስብዬ ወጣሁ። የሞተ ሰው የተነሣልኝን ያህል ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ደስ አለኝ። ጥርጣሬዬ እውነት ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ገደማ ቤት ገባን። የጨው ውኃ አሞቅሁና ሰጠሁት። ያዘው፤ አፉን አጉመጠመጠ፤ ዋጠው። በዚህ ጊዜ ነው የከፋ ሽታ ከአፉ የመታኝ። መግሉ ፈንድቶ ኖሯል። ውኃውን ብቻ ሳይሆን ያንንም ይውጣል ማለት ነው። አርብ ዕለት እዚሁ ሳፋ ላይ መትፋቱ ትዝ አለኝ።

«እንዩ፣ ለምን አትተፋውም?» አልኩት።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ «ትፋ» ያላለው ሰው የለም። ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ቀና አለ። ጉሮሮውን እንደ ሽማግሌ ጠረገና «እኔ መጥቼ እስካይህ ድረስ ከአፍህ ምንም እንዳይወጣ፣ እሺ የኔ ልጅ» አለ። ድምፁ የቄስ ሞላ ነበር፤ ሳላቸውም፣ ቃል አጎታተታቸውም ሳይቀር።

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። የቆረበ ሰው አፉን ይሸፍናል፤ ምራቁን አይተፋም፤ ደም እንዳይፈስሰው ይጠነቀቃል። ይህ እኛ ዘንድ ልጅም የሚያውቀው ሥርዓት ነው። የዕለቱ ሥርዓት ነው፤ በማግሥቱ ሁላችንም እንደ ወትሯችን ነን። እንየው ግን እንደ ሁላችን አይደለም። አባ እስክመጣ አሉት፤ አባ አልመጡም፤ ስለዚህ አላበቃም። ሦስት ቀን ሙሉ መግሉን ሲውጥ የከረመው፣ ሰው የነከሰው፣ ያፈሰሰውን ደም ከነጠላው ሊመልስ የታገለው ለዚህ ነው። ያስቆረብኩት እኔ ነኝ። ሆስፒታሉን ስለጠረጠርኩ።

«እንዩ፣ የቅዳሜው አብቅቷል፤ ትፋው» አልኩት።

«አባ ይመጣሉ።»

«እኔ እኅትህ ነኝ የምልህ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቄስ ሞላ ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሄድ መኪና አልነበረም።

ማክሰኞ ማለዳ መናኸሪያ ስንደርስ የእንየው ትንፋሽ መክበድ ጀምሮ ነበር። የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ረዳት «ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር» ይላል። በሌላው ወገን የሮብ ገበያው መኪና ሰው እየሞላ ነው። የዳንኤል ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ባሕር ዳር ብወስደው ማንም ጎንበስ ሊያደርገው፣ ሊያስተፋው፣ አፉን ሊከፍት እንደማይችል አውቃለሁ፤ የሚቀረው በግድ ይዞ ማስተኛት ነው። ሮብ ገበያ ብወስደውና ቄሱ ባይገኙ ደግሞ በመንገድ ላይ ትንፋሹ ቢዘጋ ገዳዩ እኔ ነኝ። በሕይወቴ ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የራሴን ውሳኔ ጠርጥሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጠረጠርኩት። ቀኑ ሳይጋመስ ካልሆነ እመለሳለሁ ብዬ የሮብ ገበያው ላይ ወጣን።

ቄስ ሞላን ያገኘናቸው ማሳቸው ላይ፣ ማጭድ ይዘው ገብስ ሲያጭዱ ነው። እኛን ሲያዩ ቀና ብለው በእጃቸው ፀሐዩን ከለሉ።

«ምነው ልጄ፣ ሰላም አይደላችሁም?»

«አባ፣ ቅዳሜ በሩ አጠገብ ምን ብለውት ነበር?»

«እንጃ፣ ምን አልኩት?» አሰቡ። «ያው ለቆራቢ የምንለውን ነው።»

እንየው በራሳቸው ድምፅ ቃላቸውን መለሰላቸው። እኔ መጥቼ እስካይህ ድረስ ከአፍህ ምንም እንዳይወጣ፣ እሺ የኔ ልጅ።

ማጭዱን አስቀመጡ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «እሑድ ሰው ሞቶብን ስናስቀብር ዋልን» አሉ ቀስ ብለው። «ሰኞ አጨዳው ያዘኝ። ረሳሁት፣ ልጄ። ምን ያደርጋል ብዬ ረሳሁት።» ከደረታቸው መስቀላቸውን አወጡ። «እንየው፣ መጥቻለሁ። አይቼሃለሁ። ይኼው አብቅቷል፤ በል ትፋው።»

እንየው መስቀሉን ተሳለመ። ነጠላውን ከአፉ ላይ አወረደ፤ አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። ወደ ማሳው ጠርዝ ሄዶ ጎንበስ አለና ተፋ። መግልና ደም ነበር። ደጋግሞ ተፋ፤ ሲጨርስ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ቄስ ሞላ ጀርባቸውን አዙረው በመጠምጠሚያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንደቆሙ፣ ገለባው ልብሳቸው ላይ እንዳለ፣ «እኔም አብሬ እወርዳለሁ» አሉ።

ከእኩለ ቀን በፊት ክሊኒኩ በር ላይ ነበርን። የዳንኤል እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጠረጴዛው ላይ የኔ ማመልከቻ ኮፒ ተቀምጧል፤ ከሩቅ አወቅሁት።

«ጠዋት ጠርተው ሰጡኝ» አለ። ወደ ቄሱ ተመለከተ። «ምስክር ይዘው መጡ?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ቁርባኑን፣ መግሉን፣ ሰኞ የዋሸሁትን የእንክብሉንም ነገር። ዳንኤል ሲሰማ ቆይቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እኔም ትፋ እያልኩ ስጮህበት ነበር» አለ። «ላለመትፋት የሚታገል ሰው አይቼ ስለማላውቅ እልኸኛ ነው አልኩ።»

«ያን ማመልከቻ…»

«እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ልጁን ልየው።» አገጩን ዳሰሰ። «ትንሽ ፈሷል። መሞከር እችላለሁ። ግን ዛሬ ካልወጣ በቀጥታ ትሄዳላችሁ። አሁን ንገሩኝ፣ እንዴት ላናግረው?»

በመኪና ውስጥ ስናሰላስለው የመጣነው ነገር ነበር። «ትእዛዝ ስትሰጠው ማብቂያውን አብረህ ንገረው» አልኩት። «እስከ መቼ እንደሆነ ይወቅ።»

በዚህ ጊዜ ማንም ውጪ አላለኝም። እኔ በእንየው ራስጌ ቆምኩ፤ ቄስ ሞላ በግርጌው። ዳንኤል ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አሳየው።

«አፍህን ክፈት። አሥር እስክንቆጥር። ከዚያ ትዘጋለህ።»

እንየው በጉሮሮው ቆጠረ። በግእዝ ነበር የሚቆጥረው፤ ዐሠርቱ ላይ ሲደርስ አፉን ዘጋ። ዳንኤልም እጁን መለሰ። እንደገና ከፈተ፤ እንደገና ተቆጠረ። ዳንኤል መርፌውን አነሣ። ቄስ ሞላ «አይዞህ፣ ምንም አያምም» ሊሉ ሲጀምሩ ዳንኤል አቋረጣቸው።

«አባ፣ ያማል እንበለው። አምስት እስኪቆጠር ያማል፤ ከዚያ ይደነዝዛል።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው «ያማል ልጄ። እስከ አምስት» አሉት። እንየው የእጄን አንጓ ጨበጠ። አጥንቴ እስኪሰማኝ ጨመቀኝ፤ ግን አልተነቃነቀም። አምስት ላይ ለቀቀኝ።

ጥርሱ ወዲያው አልወጣም። የጥርስ መንቀያው ሲንቋቋ ይሰማኛል። ዳንኤል ሃያ አለ፤ ሃያ አለቀ፤ እጁን መለሰ። «አልወጣም፤ ሌላ ሃያ ያስፈልገኛል» አለው በሐቅ። እንየው ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። ይህን ጊዜ ነበር የፈራሁት። አሁን ተነሥቶ ይሄዳል አልኩ። እሱ ግን ራሱ አፉን ከፍቶ ራሱ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሳህኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«ይኼው» አለ ዳንኤል። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። «አሁን ይህን ጥጥ ነክሰህ ያዝ።»

እኔም ቄስ ሞላም አንድ ላይ «እስከ ስንት ሰዓት?» አልን።

ዳንኤል ሳቀ፤ ሰዓቱን አየ። «እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እንየው ጥጡን በእጁ አውጥቶ ሰጠኝ። በማግሥቱ ማመልከቻዬን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እሱንም በሦስት ኮፒ። የዋሸሁትን ውሸት፣ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ መጻፌን ጨምሬ ፈረምኩበት። ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ደብዳቤ ነው፤ እንደ እሱ ያስቸገረኝ ግን የለም። ዳንኤል እስከ ዛሬ ወዳጃችን ነው። የእንየው ጥርስ ምልክት አውራ ጣቱ ላይ አለ።

አንባቢዎቼ፣ ጥርጣሬዬን ጨርሼ ጣልኩት ብላችሁ ውሸት ነው። ዛሬም ማኅተም አያለሁ፤ ዛሬም የተዘጋ በር አልወድም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። እንየው እምቢ ሲል መጀመሪያ «ማን ምን አደረገው?» ነበር የምለው። አሁን «ምን ተብሎ ነው?» እላለሁ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ፈራ፣ አበደ፣ ሰይጣኑ ተነሣበት ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት። መልሱን በራሱ ቃል ባይነግራችሁ በሌላ ሰው ቃል ሊነግራችሁ ይችላል። እኛ የምንለውን ወዲያው እንረሳለን። እነሱ ይዘውት ይቆያሉ።

ይህን መጀመሪያ ያሰቡት ቄስ ሞላ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ያን ማክሰኞ ከክሊኒኩ ወጥተን መኪና ስንጠብቅላቸው መቋሚያ ላይ እንደተደገፈ ሰው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። «ብዙአየሁ» አሉኝ፣ «ከልጅነቱ ጀምሮ የንስሐ አባቱ ነኝ። ሌላ ምን ብዬው ረስቼ ይሆን?»

«ምንም የለም አባ» ብዬ አጽናናኋቸው፣ አሳፈርኳቸው።

ወደ ቤት ገባን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንየው ጉንጩ እንዳበጠ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ቤት በዋለ ቀን ሁሉ የሚያደርገው ነበር። ከአጥሩ በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና መንገዱን እያየ እስኪጨልም ይቆያል። ዝናብም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን አይቀርም። እኔ ጋቢ አለብሰዋለሁ፤ ሲጨልም እጁን ይዤ አስገባዋለሁ። አላፊ አግዳሚውን ማየት ይወዳል ብዬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስመልስ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ያን ቀን ግን የቄሱ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበርና ጋቢውን ይዤ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እንዩ፣ ለምን እዚህ ትቀመጣለህ?»

ወደ እኔ አልዞረም። «እስክመለስ ድረስ በሩን ጠብቅልኝ፣ የኔ ጌታ» አለ። «ማታ ማታ እዚህ ሁነህ ጠብቀኝ።»

የእናቴ ድምፅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያልሰማሁት፣ እንዴት እንደነበር እየጠፋኝ የመጣው ድምፅ፣ ከነቁልምጫው እሱ ዘንድ ነበር። ወደ ሆስፒታል በሄደችበት ጠዋት ብላው መሆን አለበት። ለቅሶው ላይ ጩኸቱ እንዳይረብሸው ብለን ጎረቤት አቆየነው። መሞቷንም ፊት ለፊት የነገረው ሰው አልነበረም፤ አይገባውም ብለን።

ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት።

«እማዬ አትመለስም፣ እንዩ። ሞታለች። መጠበቁ አብቅቷል።»

መንገዱን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ልግባ?» አለኝ።

«ግባ» አልኩት።

ተነሥቶ ገባ። እኔ ድንጋዩ ላይ ቀረሁ።